በፈሳሽ ክሪስታል የሚስተካከሉ የማይክሮዌቭ ክፍሎች እና ጠፍጣፋ የሳተላይት አንቴናዎች

በፈሳሽ ክሪስታል የሚስተካከሉ የማይክሮዌቭ ክፍሎች የሚባሉት፣ በውስጣቸው በሚያልፈው የሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሊለወጥ የሚችል የወረዳ ክፍሎች ናቸው። ለሕዝብ አገልግሎት በይበልጥ የሚታወቁት፣ አካላቸው ሳይንቀሳቀስ አቅጣጫ በሚቀይሩ ጠፍጣፋ የሳተላይት አንቴናዎች ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የአሠራራቸውን መሠረትና ውሱንነታቸውን፣ እንዲሁም እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመግዛት ወይም ወደ አገር ውስጥ ለማስገባት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይገልጻል።

ቁሱ

ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፤ ሆኖም ዘንግ መሰል ሞለኪውሎቹ እንደ ጠጣር ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ የመሰለፍ ዝንባሌ አላቸው። ይህን ያልተለመደ ባሕርይ የመዘገበው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በፕራግ ከኮሌስትሮል የተገኘ ውህድ ሲያሞቅ፣ ንጥረ ነገሩ በ145.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቀልጦ ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጠራ። በቴሌቪዥንና በስልክ ስክሪን ውስጥ ብርሃንን የሚያሳልፈውና የሚከለክለው ቁስ የዚሁ ወገን ነው።

አሠራሩ

ሞገድ በአንድ ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ የሚወሰነው ቁሱ ለኤሌክትሪክ መስክ በሚሰጠው ምላሽ፣ ማለትም በፐርሚቲቪቲው ነው። በማይክሮዌቭ ድግግሞሽ የተለመደ የፈሳሽ ክሪስታል ቅይጥ፣ ሞለኪውሎቹ ለሞገዱ መስክ አግድም ሲሆኑ 2.5 ገደማ፣ ከመስኩ ጋር ትይዩ ሲሆኑ ደግሞ 3.2 ገደማ ፐርሚቲቪቲ ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሞገዱንም ፍጥነት የሚለውጠው በ13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞገዱን በአንድ ሙሉ ዑደት ለማዘግየት ግን ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው መስመር በ12 ጊጋ ኸርዝ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ በ30 ጊጋ ኸርዝ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ቴክኖሎጂው ከፍ ባለ ድግግሞሽ ይበልጥ የሚመቸው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሴሚኮንዳክተር በሚሠሩ አቻዎቹ ላይ የሚታየው የኃይል ብክነት ድግግሞሽ ሲጨምር አብሮ የሚያድግ ሲሆን፣ ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ የሚያስከትለው ብክነት ግን የዚህ ዓይነት ዝንባሌ የለውም።

በአንቴናው ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ ክፍሎች በብዛት ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሞገዱን በተለያየ መጠን እንዲያዘገይ ሲደረግ ጨረሩ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያዘነብላል። ቮልቴጁ ተለዋዋጭ መሆን አለበት፤ ቀጥተኛ ጅረት በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን አዮኖች ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበስብ ቁሱን ይጎዳል።

ውፍረትና ፍጥነት

ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ ሞለኪውሎቹን ፈጥኖ ያዞራቸዋል፤ ቮልቴጁ ሲነሣ ግን ወደ ቦታቸው የሚመልሳቸው ከመያዣው ግድግዳ የሚመጣ ደካማ የመለጠጥ ኃይል ነው። የመመለሻው ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በስክሪን ውስጥ ያለው ንጣፍ 4 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ኖሮት በ10 ሚሊ ሰከንድ ይመለሳል ቢባል፣ ያው ቁስ በ100 ማይክሮ ሜትር ውፍረት 6 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ንጣፉን ማሳነስ ፍጥነትን ያሻሽላል፤ ነገር ግን የብረት መስመሮቹም አብረው መጥበብ ስላለባቸው በብረቱ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ይጨምራል። ሁለቱን ማስታረቅ የዘርፉ ተመራማሪዎች የዘወትር ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተው የአሜሪካው ካይሜታ ኩባንያ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ቮልቴጅ የሚታዘዝበትን ገጽ በመሥራት ከጃፓኑ ሻርፕ ጋር ተባብሯል፤ ዓላማው ለስክሪን የተዘጋጀውን የመስታወት ማምረቻ መስመር ለአንቴና ማዋል ነበር። ገበያ ላይ ያለ ጠፍጣፋ አንቴና ሁሉ ግን ፈሳሽ ክሪስታል የያዘ አይደለም፤ በሴሚኮንዳክተር ቺፕ የሚሠሩም አሉ።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

በጣሪያ ላይ ያለ የተለመደ ዲሽ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ካሉት የዐረብሳት ባድር ሳተላይቶች ወደ ናይልሳት፣ ማለትም ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ እንዲዞር ሲፈለግ ብሎኑ ላልቶ በእጅ ይዞራል። ጠፍጣፋ አንቴና ይህን በቮልቴጅ ብቻ ሊፈጽም ይችላል። ሆኖም ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ከአድማስ በላይ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በጣሪያ ላይ አግድም የተዘረጋ አንቴና ለሳተላይቱ የሚያሳየው ስፋት ከሙሉው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ አንቴናውን ወደ ምዕራብ አዘንብሎ መትከል ወይም ሰፋ ያለ ገጽ መምረጥ ያስፈልጋል። በአንድ ቦታ ቆመው ለሚታዩ ለእነዚህ ሳተላይቶች ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ብዙም አይጎዳም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጠው ለሚያልፉት ዝቅተኛ ሳተላይቶች ግን መቆራረጥን ያስከትላል።

ከግዥ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው

አቅራቢው አንቴናው ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላ የሚዞርበትን ጊዜና የሚሠራበትን የሙቀት ወሰን በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ይገባል። ፈሳሹ በደጋ ሌሊት ብርድ ስለሚወፍር ምላሹ ይዘገያል። እንደ አፋር ባለ ቆላ በቀትር ፀሐይ የጋለ ሽፋን ሥር ያለ ቅይጥ ደግሞ የመጥሪያ ነጥቡን ካለፈ የሞለኪውሎቹ ሰልፍ ይፈርሳል፤ እስኪቀዘቅዝም ድረስ አንቴናው አቅጣጫ መቀየር አይችልም።

መሣሪያው ተቀባይ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሳተላይት ይልካል የሚለውም ተለይቶ መታወቅ አለበት። የሚልክ መሣሪያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ይጠቀማል፤ አቅጣጫው በትክክል ካልተያዘም ጎረቤት ሳተላይትን ያውካል። ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት የአምራቹን የቴክኒክ ሰነድ ይዞ ስለ ፈቃዱ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይኖርበታል።