ከነጋሪት እስከ ሞንታርቦ

መቼም ለቅሶ የማይደርስ ሰው የለምና አንባቢዬ እንዲህ ያለውን ቀን ያውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን አንድ አዛውንት ሸማኔ አርፈው የሕይወት ታሪካቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይነበባል። ዕድራችን ከሠርግ ዕቃ አከራይ ያመጣው ድምፅ ማጉያ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን ነው። ድምፁ አያንስም፤ ጉምጉምታው ሆድ ያንቀጠቅጣል። ነገር ግን ከሠላሳ እርምጃ ወዲያ ለቆምነው አንዲት ቃል እንኳ ተለይታ አልደረሰችንም። ከክፍለ ሀገር መጥታ ዘግይታ የደረሰች ሴት ልጃቸው፣ ገና ሕዝቡን አልፋ ወደ ፊት ሳትደርስ፣ አጠገቤ ቆማ ‹‹አባዬን ምን አሉት?›› ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ወር ዕድሩ የራሱን ድምፅ ማጉያ ለመግዛት ወሰነ። ዳኛው ወደ እኔ ጠቁመው ‹‹ይህ ልጅ ጋዜጠኛ ነው፤ ማይክራፎን ያውቃል›› አሉና ኮሚቴው ውስጥ አስገቡኝ። ማይክራፎን መጨበጥና ድምፅ ማጉያ መምረጥ ለየቅል መሆናቸውን የማስረዳበት ጊዜ አልተሰጠኝም።

እኔም ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምር አልኩ። አገራችን ድምፅን ወደ ሩቅ የማድረስ ልማድ ያላት ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። ጉለሌ የእንጦጦ ግርጌ ነው። ከላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀብተዋል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል የሚቀድመው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ግን ቃል አይናገርም፤ ይጠራል እንጂ። ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ቃሉን የሚያሰማው የአዋጅ ነጋሪው ጉሮሮ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ድንበር ጥሶ በገባበት ዕለት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ የክተት አዋጁም ለተሰበሰበው ሕዝብ ተነበበ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሕግ ማወጃ ጋዜጣ ‹‹ነጋሪት›› መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

የዕድራችን ጡሩምባም እንደዚያው ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባው ይጠራል፤ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ የሚናገረው ለፋፊው ነው። መጥራት አንድ ሥራ፣ መናገር ሌላ ሥራ። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኮሚቴው ለሦስት ሳምንት የተጨቃጨቀው በዚሁ ላይ ነበርና።

በባሕር ማዶ ሁለቱን ሥራዎች ያጣመረ መሣሪያ የተገኘው ቀደም ብሎ ነው። ጄንሰንና ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1915 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ‹‹ማግናቮክስ›› ያሉትን ድምፅ ማጉያ ለሕዝብ አሳዩ። በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልሰን በሳንዲዬጎ ስታዲየም ሃምሳ ሺህ ለሚገመት ሕዝብ በዚሁ መሣሪያ ንግግር አደረጉ። በአዲስ አበባም ከነፃነት በኋላ በየአደባባዩ የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ሬዲዮ የሌለውን ሰው ሬዲዮ ያሰሙት ነበር።

ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም ድምፅ ማጉያው በየመንደሩ ገባ። በእጅ የሚያዘው ሜጋፎን ‹‹ለስብሰባ ውጡ›› ሲል ያደገ ትውልድ ዛሬም ያን ቁጭርጭር ድምፅ ሲሰማ ትከሻውን ይሰብቃል። ከዚያ ወዲያ የሎተሪ መኪናው፣ የመድረክ ባንዱ፣ የሠርግ ድንኳኑ ሁሉ የየራሱን ይዞ መጣ። ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው። እኛ ግን፣ የማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ ትልቅ ሣጥን ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ ነው ብለን አጽድቀናል። የእኛ ሰው ስም ካወጣ አወጣ ነው።

የድሮው ሞንታርቦ ብቻውን አይሠራም። ማጉያው ለብቻ፣ ስፒከሩ ለብቻ፣ በመካከላቸው ወፍራም ገመድ፤ ሦስት ጎረምሳና አንድ ሚኒባስ ይፈልጋል። ማጉያውን በሣጥኑ ሆድ ውስጥ የከተተው አሠራር በሰፊው የተለመደው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ጄቢኤል በ1995 እ.ኤ.አ. ኢዮን የተባለውን የፕላስቲክ ሣጥን ሲያወጣ አንድ ሰው አንጠልጥሎት የሚሄድ የመድረክ ድምፅ ተገኘ። ኋላም ሙቀት የማያበዛ፣ ከተቀበለው ኃይል አብዛኛውን ለስፒከሩ የሚያቀብል ቀላል ማጉያ መጣ፤ ባትሪም ታከለበት። የቦዝ ኤስዋን ፕሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባትሪውን ይዞ ክብደቱ ሰባት ኪሎ ያህል ነበር። ዛሬ መርካቶ ላይ ጎማና እጀታ ያለው፣ መብራት የሚያብለጨልጭ ሣጥን እንደ ሻንጣ እየተጎተተ ይሸጣል።

ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋቱን ነው። ‹‹ሁለት ሺህ ዋት ነው፣ ወንድሜ!›› ይላል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚፈነዳው ጉልበት ነው እንጂ ሣጥኑ ሳይታክት የሚሰጠው አይደለም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ዋቱን እጥፍ ማድረግ ሦስት ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ያም ለጆሮ ጥቂት ነው። ለጆሮ እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ደግሞ ስድስት ዴሲቤል ይጠፋል። አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ 32 ሜትር ላይ 70 ነው።

ሰባ ዴሲቤል ለመስማት ይበቃል። ታዲያ ያቺ ሴት ለምን አልሰማችም? ቃልን የሚለየው ተነባቢው ነው፤ የተነባቢ ጉልበት ደግሞ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ይገኛል። በአማርኛ ‹‹መጣ›› እና ‹‹መታ›› የሚለያዩት በአንዲት ፍንዳታ ነው። ለጭፈራ ተብሎ ወፍራሙ ድምፅ የተጋነነበት ሣጥን ያቺን ፍንዳታ ይውጣታል። ሣጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የፊተኛው ረድፍ ሰው በገላው ያስቀረዋል።

ስለዚህ ሦስት ስፒከር ተውሰን ፈተና አዘጋጀን። ጸሐፊያችን ‹‹መጣ፣ መታ፣ ጠራ፣ ተራ›› እያሉ ሲያነቡ እኛ ዳገቱን እየወጣን የሰማነውን በወረቀት ጻፍን። ባለ ጎማው ሣጥን በሃያ ሜትር ላይ ከድተኛ ሆነ። አፈ ጡሩምባው፣ ያ በመኪና ባትሪ የሚሠራው ጠንካራ የብረት ስፒከር፣ ሁላችንንም አሸነፈ፤ ዳገቱ አልቆ እንኳ ይሰማል። ነገር ግን የምክር ቤቱ አባል የሆኑት እናት ‹‹ይኼማ የሎተሪ መኪና ነው! በሬሳ ፊት?›› አሉና ነገሩ በዚያው አበቃ። ፍርዳቸው ትክክል ይመስለኛል፤ የሟች ስም ሲጠራ ድምፁ የሰው ድምፅ መምሰል አለበት።

የተመረጠው ሦስተኛው ነው። ባለ ዐሥር ኢንች፣ ማጉያው በውስጡ ያለ፣ በሦስት እግር ቋሚ ከሰው ራስ በላይ የሚወጣ፣ ካርቶኑ ላይ ከሁሉም ያነሰ ዋት የተጻፈበት። ገንዘብ ያዣችን ‹‹ትንሹን በትልቅ ዋጋ!›› ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ። በባትሪው ላይም ክርክር ነበር። የዕድር ስፒከር ሳምንታት ተዘግቶበት ይከርማል፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ኃይሉ አልቆ ከተቀመጠ ይሞታል። ስለዚህ የንብረት ክፍሉ በወር አንድ ቀን ቻርጅ እንዲያደርግ ተወሰነ።

ለፋፊያችን ሥራቸው የቀረ መስሏቸው ከፍቷቸው ነበር። በአዲሱ ስፒከር ጎሕ ሲቀድ እንለፍፍ ያለ ወጣት አልጠፋም። ይሁንና ከአዋጅ ቁጥር 300/1995 ተከትሎ በወጣው የድምፅ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑን ሳነብላቸው ነገሩ ተዳፈነ። የእኛው ስፒከር 64 ሜትር ርቆ እንኳ በሙሉ ኃይሉ ከዚያ ያልፋል። ጡሩምባው ስንት ዴሲቤል እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁትም።

በመጀመሪያው ቀብር፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር፣ ስፒከሩን ሕዝቡ መሐል አቁመን እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ቆምኩ። አንባቢው የሟቿን የትውልድ ቦታ፣ የልጆቿን ስም፣ በገበያ ያሳለፈችውን ዘመን አነበበ። ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች የሦስተኛዋ ልጅ ስም ተሳስቷል ብለው ተንሾካሾኩ። ንባቡ ሲያልቅ ሄጄ ለጸሐፊው ነገርኩት፤ ስሟም በማይክራፎኑ ታረመ።