የቪዲዮ ዲስክ ማውጫውና ምዕራፎቹ ሳይጠፉ እንዴት ይገለበጣል?

በኮተቤ አልፎ በሚገኘው በካራም ሆነ በሌሎች የከተማና የገጠር አካባቢዎች፣ በርካታ ቤተሰቦች የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ቪዲዮዎቻቸውን በቪሲዲና በዲቪዲ አስቀምጠዋል። ዛሬ ግን ዲስኮቹ እየተጫሩና እያረጁ ነው፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማጫወቻ የላቸውም። በመሆኑም ብዙዎች ዲስኮቻቸውን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ አዲስ ዲስክ ማስገልበጥ ይፈልጋሉ። በዚህ ሂደት ብዙ ጊዜ ምስሉ ይተርፋል፤ ማውጫውና ምዕራፎቹ ግን ይጠፋሉ።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በአንድ የሠርግ ዲቪዲ ማውጫ ላይ «ሽምግልና»፣ «ጥሎሽ»፣ «መልስ»፣ «ቅልቅል» የሚሉ ምርጫዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ሲመርቁ የሚታዩበትን ቦታ በአንድ ቁልፍ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ማውጫ ነው። ማውጫው ከጠፋ፣ ለሰዓታት የሚዘልቅ ቪዲዮ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሱ ከመፈለግ ሌላ አማራጭ አይኖርም።

ማውጫው የት ይቀመጣል?

አንድ ዲቪዲ በኮምፒውተር ሲከፈት «ቪዲዮ ቲኤስ» የተሰኘ ማኅደር ይታያል። በውስጡ ሦስት ዓይነት ፋይሎች አሉ። ስማቸው በ«ቪኦቢ» የሚያበቃው ትልልቅ ፋይሎች ምስሉን፣ ድምፁንና የማውጫውን ሥዕል ይይዛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከ1 ጊጋባይት አይበልጡም። በ«አይኤፍኦ» የሚያበቁት ትንንሽ ፋይሎች መንገድ መሪዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከየት እንደሚጀምርና ማውጫው እንዴት እንደሚሠራ የተመዘገበው በእነርሱ ውስጥ ነው። በ«ቢዩፒ» የሚያበቁት ደግሞ የእነዚህ መንገድ መሪዎች መጠባበቂያ ቅጂዎች ናቸው።

ስለዚህ መጠናቸው ትልቅ የሆኑትን ፋይሎች ብቻ መርጦ መገልበጥ፣ የመጽሐፍን ማውጫ ቀድዶ ጥሎ ገጾቹን ብቻ እንደ መያዝ ይቆጠራል። ማኅደሩን በሙሉ መገልበጥ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አንድ ፋይል ቢጎድል ወይም ስሙ ቢለወጥ በፋይሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ይቋረጣል።

አስተማማኙ መንገድ

የሚመረጠው ዲስኩን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ነው። ይህ ፋይል «የዲስክ ኢሜጅ» ይባላል፤ ለዲቪዲ የሚያገለግለው ዓይነትም «አይኤስኦ» ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ «ኢምግበርን» የተሰኘው ነጻ ፕሮግራም ይህን ሥራ ያከናውናል። ከመገልበጥ በፊት ዲስኩን በለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መጥረግ ይገባል፤ ዙሪያውን እያሽከረከሩ መጥረግ አይመከርም። ዲስኩ በአንድ ማጫወቻ አልነበብ ካለ በሌላ መሞከር ጠቃሚ ነው።

ግልበጣው ሲጠናቀቅ ፋይሉን «ቪኤልሲ» በተሰኘው ማጫወቻ ከፍቶ ማውጫው መምጣቱን፣ እያንዳንዱ ምርጫም ወደ ትክክለኛው ቦታ መውሰዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ሳይረጋገጥ ዋናውን ዲስክ መጣል አይገባም።

ለቪሲዲ አሠራሩ ይለያል። የቪሲዲ መረጃ በዲስኩ ላይ የተጻፈበት መንገድ ከዲቪዲው የተለየ በመሆኑ በአይኤስኦ ፋይል በትክክል አይያዝም። ኢሜጁ «ቢን» እና «ኪዩ» በተባሉ ሁለት ፋይሎች መዘጋጀት አለበት፤ ሁለቱም ምንጊዜም አብረው ሊቀመጡ ይገባል።

ብዙዎችን የሚያሰናክሉ ነጥቦች

የመጀመሪያው የፍላሽ ጉዳይ ነው። ብዙ ፍላሾች «ፋት 32» በተባለ አሠራር የተዘጋጁ ስለሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበሉም። ፍላሹን «ኤክስፋት» ወደተባለው አሠራር መቀየር ችግሩን ይፈታል፤ ይሁንና ቅየራው በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ነው።

ሁለተኛው የዲስኩ መጠን ነው። ተራው ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ትልቁን ወደ ትንሹ ለማስገባት ቪዲዮውን መጭመቅ የግድ ይሆናል፤ ይህም የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። የተሻለው ምርጫ ተመሳሳይ መጠን ያለው ባዶ ዲስክ መጠቀም ወይም ኢሜጁን በሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛው «ኤምፒ 4» ወደተባለው ዓይነት መቀየር ነው። ይህ ዓይነት ፋይል በስልክና በቴሌቪዥን ለመመልከት ምቹ ነው። «ሃንድብሬክ» የተሰኘው ነጻ ፕሮግራም ምዕራፎቹን ይዞ ሊቀይር ይችላል፤ ማውጫውን ግን አይዝም። ስለዚህ ለመመልከቻ ኤምፒ 4፣ ለማቆያ ደግሞ ሙሉውን ኢሜጅ መያዝ ተገቢ ነው።

አራተኛው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍበት ዲስክ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ይበላሻል። ባትሪው በደንብ የሚሠራ ላፕቶፕ መጠቀም ከዚህ ኪሳራ ያድናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ፊልም፣ መዝሙር ወይም ሙዚቃ ያለባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን ወንጀል ሲሆን በእስራት ያስቀጣል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንዳንድ የንግድ ዲቪዲዎች የቅጂ መከላከያ ስላላቸው ከላይ በተገለጸው መንገድ አይገለበጡም።

ከማስገልበጥ በፊት

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው «ቪዲዮውን ገልብጥልኝ» ከማለት ይልቅ «ሙሉውን የዲስክ ኢሜጅ ከነማውጫው ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊትም ማውጫው ሲሠራ ማየት ይኖርበታል። የተገኘውን ኢሜጅ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ፣ ለምሳሌ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ዘመድ ዘንድ ማኖር ይመከራል። ዋናው ዲስክም ቢሆን ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከእርጥበት ተጠብቆ በሽፋኑ ውስጥ ቢቀመጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል።