ስለ ቮልፍስቡርግ ከተማና ስለ ናፍጣው ሞተር ክስ

«ቮልስ» እያልን ስንጠራት የኖርነው ጎባጣ መኪና የተወለደችበት ከተማ ቮልፍስቡርግ፥ በጀርመን አገር በታችኛዋ ሳክሶኒ በሚቴልላንድ ቦይ ዳር የምትገኝ፥ እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ ከተሞች በገበያ ወይም በገዳም ዙሪያ በየዘመኑ ያደገች ሳትሆን፥ ስለ አንድ ፋብሪካ ተብላ በ1938 (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ) በትእዛዝ የቆመች ከተማ ናት። የመሠረቱን ድንጋይ ያኖረው ሂትለር ራሱ ሲሆን፥ ለሠርቶ አደሩ የተሰጠው ተስፋ፥ በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በደብተሩ ላይ ቴምብር የለጠፈ ሁሉ ደብተሩ በሞላ ጊዜ የመኪና ባለቤት ይሆናል የሚል ነበር። ይህን አምነው 336,000 ያህል ሰዎች ገንዘባቸውን አስገቡ፤ ዳሩ ግን ጦርነቱ ተነሥቶ ፋብሪካው ከየአገሩ በግዳጅ በተጋዙ ሰዎች ጉልበት የሠራዊት ተሽከርካሪ ሲሠራ ስለ ከረመ፥ ከቆጣቢዎቹ መካከል መኪናውን የተረከበ አንድ ስንኳ አልተገኘም። በበርሊን ባንክ የተቀመጠውን ገንዘብ ሶቪየቶች ወሰዱት። የቆጣቢዎቹ ሙግት እስከ 1961 ተጓትቶ፥ ሙሉውን ለከፈለ ሰው የፋብሪካው ባለቤት ቮልስዋገን ኩባንያ ከአዲስ መኪና ዋጋ 600 ማርክ እንዲቀንስለት፥ ወይም 100 ማርክ በእጁ እንዲሰጠው በዕርቅ አለቀ።

ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሹን ያነሣው የእንግሊዝ ጦር መኮንን አይቫን ኸርስት፥ ከ1948 ጀምሮ ኩባንያውን ሃያ ዓመት የመራው ሃይንሪኽ ኖርድሆፍም ስለ ሠሩት ሥራ ብዙ ተጽፏልና አልመለስበትም። ለነገራችን የሚያስፈልገው፥ የታችኛዋ ሳክሶኒ መንግሥት እስከ ዛሬ ከኩባንያው ድምፅ አንድ አምስተኛውን የያዘና መሪዎቹም በኩባንያው ተቆጣጣሪ ጉባኤ የሚቀመጡ መሆናቸው ነው፤ መንግሥት የትርፉ ተካፋይ በሆነበት ቤት ቁጥጥር እንዴት እንደሚላላ አስተዋይ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ክሱ የተነሣበት፥ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ ቆጣቢ ነው። ከቤንዚኑ ሞተር ያነሰ ነዳጅ ይጠጣል፤ ስለዚህም የአውሮፓ መንግሥታት፥ የምድርን አየር የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስልናል ብለው ብዙዎቹ የናፍጣን ቀረጥ ከቤንዚን ዝቅ ስላደረጉት፥ በ2015 ገደማ በምዕራብ አውሮፓ ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ግማሽ ያህሉ የናፍጣ ሆነው ነበር። ነገር ግን ሞተሩን ቆጣቢ ያደረገው ያው ብርቱ ግፊትና ሙቀት፥ በአየር ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩትን ናይትሮጅንና ኦክሲጅን አጋብቶ፥ ሳንባን የሚጎዳውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይወልዳል። ይህን መርዝ ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው በጢስ ማውጫው ውስጥ መርዙን የሚይዝ ወጥመድ ማኖር ሲሆን ነዳጅ ያስጨምራል፥ ክፍሉንም ቶሎ ያስረጃል፤ ሁለተኛው የዩሪያ ውሃ መርጨት ሲሆን ሌላ ታንከር ይጠይቃል፥ ዋጋም ያስወድዳል። የቮልስዋገን መሐንዲሶች ከ2009 ሞዴል አንሥቶ «ንጹሕ ናፍጣ» እየተባለ በአሜሪካ በታወጀላቸው መኪናዎች ውስጥ ያስገቡት ሦስተኛው መንገድ ግን ሐሰት ነበር።

የመንግሥት ምርመራ በዚያ ጊዜ ይደረግ የነበረው በአዳራሽ ውስጥ፥ መኪናው ከስፍራው ሳይንቀሳቀስ ጎማው በተሽከርካሪ ብረት ላይ እየዞረ፥ የፍጥነቱም ሥርዓት እስከ ሴኮንዱ አስቀድሞ ታውቆ ነው። ሶፍትዌሩ የመሪውን አቀማመጥ፥ የመኪናውን ፍጥነት፥ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየሩን ግፊት እያየ፥ መርማሪ ፊት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ማጣሪያውን በሙሉ ኀይሉ ያሠራዋል፤ ጎዳና በወጣ ጊዜ ያላላዋል፤ የነፍስ አባቱ ቤት ሲገቡ ጾመኛ፥ ሲወጡ ሥጋ የሚያስቆርጥ ሰው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የአታላዩ ቢሆንም፥ ጥያቄውን ከነሰዓቱ አስቀድሞ ለተፈታኙ የሰጠው ሕግም ከነቀፋ አያመልጥም፤ ይልቁንም ይኸው ኩባንያ በ1970ዎቹ በተመሳሳይ ነገር በአሜሪካ መንግሥት ተከሶ 120,000 ዶላር ከፍሎ፥ በ1998ም የከባድ መኪና ሞተር ሠሪዎች በዚሁ ዐይነት ተንኰል ተይዘው ሳለ፥ ፈተናው ከአዳራሽ አለመውጣቱ የሚያስገርም ነው።

ነገሩን የገለጡት ሰዎች ወንጀል ፍለጋ የተነሡ አልነበሩም። በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ዳን ካርደር የሚመራው ቡድን፥ የአሜሪካ ናፍጣ መኪናዎች ከአውሮፓዎቹ ንጹሓን መሆናቸው ይታይ ዘንድ በአንድ የምርምር ማኅበር ተጠይቆ፥ መለኪያውን በመኪና ላይ ጭኖ በካሊፎርኒያ ጎዳናዎችና እስከ ሲያትል ድረስ ነዳ። ጄታ የተባለችው የቮልስዋገን መኪና ከተፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ የሚበልጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ስትተፋ ተገኘች። ኩባንያው ከአንድ ዓመት በላይ ምክንያት ሲደረድር ቆይቶ፥ የካሊፎርኒያ የአየር ጉባኤ የአዲሱን ዓመት ሞዴል አላጸድቅም ባለ ጊዜ አመነ፤ መስከረም 18 ቀን 2015 ክሱ በአደባባይ ተነገረ። ሶፍትዌሩ የገባባቸው መኪናዎች በዓለም 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የኩባንያውም አክሲዮን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሶ ያህል ዋጋውን አጣ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ቅጣት ከውቅያኖስ ወዲያና ወዲህ አንድ ዐይነት አልሆነም። በአሜሪካ በ2016 በተደረገው የ14.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ኩባንያው መኪናዎቹን ከነካሣቸው መልሶ ለመግዛት ተገደደ፤ የተገዙትም በመቶ ሺሕ እየተቈጠሩ፥ በሚሺጋን በተዘጋው የፖንቲያክ ስታዲየም ሜዳና በካሊፎርኒያ በረሓ በቪክተርቪል፥ ሞተራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ረድፍ ይዘው ቆሙ። ከስምምነቱ ውስጥ 2 ቢሊዮን ዶላር በኤሌክትሪክ ለሚሄድ መኪና ማስፋፊያ እንዲውል ስለ ተፈረደ፥ ዛሬ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የሚታዩት ብዙ የመሙያ ጣቢያዎች የዚያ ኀጢአት መቀጮ ናቸው። በ2017ም ኩባንያው በዲትሮይት ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል መቀጮ ተፈረደበት። በአውሮፓ ግን፥ 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉት መኪናዎች ባሉበት፥ ለባለመኪናው የተሰጠው አስቀድሞ የሶፍትዌር እድሳት ብቻ ነበር፤ ገዢው ካሣ ይገባዋል ብሎ የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የፈረደው በግንቦት 2020 ነው።

ሕጉስ ተምሯል፤ ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ አዲስ ሞዴል ጎዳና ላይ ወጥቶ ካልተመዘነ አይጸድቅም። ከሁሉ የሚበልጠው ቅጣት የወደቀው ግን በናፍጣው ሞተር በራሱ ላይ ነው። የላይፕዚግ ፍርድ ቤት በየካቲት 2018 ከተሞች አሮጌ ናፍጣ መኪናን ሊከለክሉ ይችላሉ ብሎ በፈረደ በሦስት ወር ገደማ ሃምቡርግ ሁለት መንገዶቿን ዘጋችባቸው፥ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ሽቱትጋርት ተከተለች፤ በሐቅ የገዛው ሠራተኛ መኪናውን የሚገዛው አጣ፤ በአውሮፓ ገበያም የናፍጣ ድርሻ ከ2015 በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ ከግማሽ ወደ አንድ ሰባተኛ ወረደ። ሶፍትዌሩን የጻፈው ሞተሩ አይደለም፤ ሆኖም ከሰው ይልቅ እርሱ ፈጥኖ ተፈርዶበታል።

የሰዎቹ ፍርድ ዘገየ። በአሜሪካ አንድ መሐንዲስ 40 ወር፥ አንድ የሥራ ኀላፊ 7 ዓመት በ2017 ተፈረደባቸው፤ የእኅት ኩባንያው የአውዲ አለቃ የነበረው ሩፐርት ሽታድለር በ2023 ጥፋቱን አምኖ በገደብ ተለቀቀ። በቮልፍስቡርግ አጠገብ ባለችው በብራውንሽቫይግ የተቀመጠው ችሎት በአራት የቀድሞ ኀላፊዎች ላይ ፍርዱን የሰጠው በግንቦት 2025 ሲሆን፥ ሁለቱን ወደ ወህኒ ላከ፥ ሁለቱን በገደብ ለቀቀ፤ ክሱን የሚክደው ቪንተርኮርን ግን፥ በመስከረም 2024 ችሎት ከቀረበ በኋላ አደጋ ስለ ደረሰበት ነገሩ ተቋርጦ ቀረ።