ከዩዜስ ወደ ኧር ምንጭ

በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘውን የዩዜስን ከተማ የሚጐበኝ ሰው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራው ክብ የደወል ግንብ ተነሥቶ ወደ አልዞን ሸለቆ ቢወርድ፣ ብዙም ሳይደክም ከኧር ምንጭ ይደርሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ሮማውያን ለኒም ከተማ ውሃ የጠለፉት ከዚህ ነበር፤ ውሃውን ይቆጣጠሩበት የነበረው ገንዳ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። ኒም በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ ቦዩ ኮረብታውን እየዞረ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጠቅላላ ቁልቁለቱ ግን ከ12 ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ጐብኚው ሁሉ የሚያደንቀው ቦዩ የጋርዶንን ወንዝ የተሻገረበትን፣ 49 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የፖን ዱ ጋርን ድልድይ ነው። መሐንዲስን ይበልጥ ሊያስደንቀው የሚገባ ግን በኪሎ ሜትር በአማካይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ይህ ቁልቁለት ነው። ጠራጊ በጠፋ ጊዜ ውሃው ያዘለው ኖራ በግድግዳው ላይ እየተጋገረ መተላለፊያውን አጠበበው። ኋላም የአካባቢው ሰዎች ያንኑ የኖራ ቅርፊት ሳይቀር እየፈለጡ ግንብ ሠሩበት።