የብሩ ተራራና የአምስተርዳም መዝገብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1545 ዓ.ም.፣ ዛሬ ቦሊቪያ በምትባለው አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ብርዳም ምድር፣ ብር ያረገዘ ተራራ ተገኘ። ስፔናውያን «ሴሮ ሪኮ» አሉት፤ «ባለጸጋው ተራራ» ማለታቸው ነው። በግርጌው የበቀለችው ከተማም ፖቶሲ ተባለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ገንዘባችንን «ብር» ብለን ለምንጠራ ለእኛ የዚህ ተራራ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ብዙ የደቡብ አሜሪካ ሰዎችም ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ቃል «ፕላታ» ይሉታልና።

ብሩን ከድንጋዩ የሚለየው ሜርኩሪ ሲሆን፣ እርሱም ፔሩ ውስጥ ከሚገኘው ከዋንካቬሊካ ይመጣ ነበር። ጉልበቱ ግን የሚመጣው ከየመንደሩ ነው። የስፔኑ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ በ1570ዎቹ፣ በኢንካ ነገሥታት ዘመን የነበረውን «ሚታ» የተሰኘ የተራ ሥራ ግዴታ ወደ ማዕድኑ አዞረው። ከ16 አውራጃዎች፣ ለሥራ ከደረሱ ወንዶች ከሰባቱ አንዱ፣ በዓመት 13,000 ያህል ሰው፣ ወደ ፖቶሲ እንዲሄድ ታዘዘ። እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው፣ በጠፍር መሰላል፣ ከጨለማው ጉድጓድ ይወጡ ነበር። ዕጣው እንዳይደርሰው ርስቱን ጥሎ የተሰደደውም ብዙ ነው።

ብሩ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሴቪሊያ ይገባል፤ በ1503 የተቋቋመው የንግድ ቤት ይመዘግበዋል፤ ዘውዱም ከማዕድኑ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ታዲያ ስፔን በለጸገችን? በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ብር በበዛበት አገር የብር ዋጋ እንደሚረክስ የሳላማንካው ሊቅ ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ ገና በ1556 ጽፎ ነበር። ምዕተ ዓመቱ ሲያልቅ የስፔን የሸቀጥ ዋጋ ከመጀመሪያው ሦስትና አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ (የሕዝቡ መብዛትም የራሱ ድርሻ ነበረው)። የአገሬው በግ ጸጉሩ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጨርቁ ደግሞ ከውጭ ይገዛል። ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ ብሩን ገና ከመርከብ ሳይወርድ ለጄኖቫ አበዳሪዎች ያስይዘዋል፤ እነርሱም በፍላንደርስ ለሚዋጋው ሠራዊቱ ደመወዝ ያቀርባሉ። በ1557፣ በ1575 እና በ1596 ዕዳውን መክፈል አልቻልኩም ብሎ አወጀ። በዓለም ትልቁን የብር ተራራ የያዘ ንጉሥ መሆኑን ልብ ይሏል!

በባንክ መስኮት ተቀምጦ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ ይበልጥ ያጓጓል። በ1602 ሆላንዳውያን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ሲመሠርቱ ከሕዝቡ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር ያህል ሰበሰቡ፤ ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የቤት ሠራተኛ እንኳ ነበረች። በ1609 ደግሞ የአምስተርዳም ባንክ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተከፈተ። ከየአገሩ የሚመጣውን የተሸረፈና የተደባለቀ ሳንቲም መዝኖ ይቀበልና ዋጋውን በነጋዴው ስም በመዝገብ ያሰፍራል። ከ600 ጊልደር በላይ የሆነ የሐዋላ ወረቀትም በዚሁ ባንክ በኩል እንዲከፈል ታዘዘ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን ከስም ወደ ስም ተሻገረ። የፖቶሲ ብር ከስፔን አምልጦ እዚህ ይደርሳል፤ የኩባንያው መርከቦችም ጭነው ወደ እስያ ይወስዱታል፤ እስያ ከአውሮፓ ሸቀጥ እምብዛም የምትሻው አልነበራትምና።

በ1621 የኩባንያው ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን የባንዳ ደሴቶችን ወረረ። ምክንያቱ ገውዝ ነው፤ ያን ጊዜ ከእነዚያ ትናንሽ ደሴቶች በቀር የትም የማይበቅል ቅመም። 15,000 ያህል ይገመት ከነበረው ነዋሪ አብዛኛው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ ወይም ተግዞ ተወሰደ፤ በእርሻውም ላይ ባሮች ተተኩ። በአምስተርዳም መዝገብ ላይ የገባው የገውዙ ክብደትና ዋጋ ነው።

ባንኩ ለዚያው ኩባንያ በስውር ያበድር እንደነበር በ1790 ታወቀ፤ የነጋዴውም እምነት ተናደ። ኩባንያው በ1799 ማብቂያ ፈረሰ፤ ባንኩም በ1819 ተዘጋ።