የካርቡራተር ነገር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል እስከ ኮዬ ፈጬ ቮልስ



ባለፈው ክረምት በኮዬ ፈጬ በምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር፥ በጡረታ የተገለሉ አንድ ጎረቤቴ የቮልሳቸውን የኋላ ክዳን ከፍተው በትካዜ ቆመው አገኘኋቸው። አውቶሞቢሉ ከአባታቸው የወረሱት ነው። አሮጌው ካርቡራተር ቤንዚን ማንጠባጠብ ስለ ጀመረ፥ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ከፊተኛው የሚበልጥ አዲስ ካርቡራተር ገዝተው ነበር። ሻጩም «ትልቅ ሲሆን ጉልበት ይጨምራል» ብሎአቸዋል። ካርቡራተሩ ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ጋር አልገጥም ቢል፥ በመካከሉ ማገናኛ ብረት ተበጅቶለት በግድ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቤንዚን ሲሰጡት ትንታ እንደ ያዘው ሰው ይንተፋተፋል፤ ከጭስ መውጫውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። «ልጄ፥ የሁለት ወር ጡረታዬን ከፍዬ በሽታ ገዛሁ» አሉኝ።

የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፥ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አሳልፎ አዲስ አበባ አደረሰው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀመጡበት። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ገደሉና ስለ ወንዙ፥ ስለ ሕዝቡም መደነቅ ይጽፋሉ እንጂ፥ ያ ሞተር ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት እንደ ሆነ የሚያነሣ የለም። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የመሣሪያውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አየሩ በቤንዚን ላይ እያለፈ እንፋሎቱን ይወስድ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባክ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። ሥራው የተመሠረተው ጣሊያናዊው ሊቅ ቬንቱሪ በ1797 በገለጸው የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፥ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ በጎን ካለው ጽዋ ቤንዚኑ በናስ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣል። እንግዲህ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር እንዲደርስ የሚመጥነው የጉሮሮው ስፋትና የናሱ ቀዳዳ ነው። ጉሮሮው ከሞተሩ ፍላጎት በላይ ከሰፋ አየሩ ይዘገያል፤ የዘገየ አየርም ቤንዚኑን በደንብ አይስብም፥ አይበትንምም። የጎረቤቴ ሞተር ትንታ አንዱ ምንጭ ይህ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአገራችን ሰው በእጅ ያስተማሩት በአብዛኛው የጣሊያን መካኒኮች ናቸው። ወራሪው ጦር በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከወጣ በኋላ ቋንቋው በየጋራዡ ቀረ፤ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ጎማ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። ጠላት የተወልን መዝገበ ቃላት ይህን ያህል ጠቃሚ መሆኑ አስቂኝ ነገር ነው።

ቀጥሎ ቮልስ መጣ። ይህ አውቶሞቢል በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ የተወደደው ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውኃ ስለማይፈልግ፥ ጥገናውም ቀላል ስለ ሆነ ነው። ሆኖም በውጭ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲመስል ሞተሩ ግን ልዩ ልዩ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ካርቡራተር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከሱቁ በፊት መመልከት ያለበት በዲናሞው መቆሚያ ሥር በሞተሩ ገላ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ«ዲ» ፊደል ቢጀምር ሞተሩ 1200 ነው፤ በ«ኤፍ» ቢሆን 1300፥ በ«ኤች» ቢሆን 1500፥ በ«ኤ ዲ» ቢሆን 1600 ነው። ከዚያ በኋላ የካርቡራተሩን ገላ ማንበብ ነው። ሶሌክስ ከሚለው ስም ጋር 28 ፒክት፥ 30 ፒክት ወይም 34 ፒክት የሚል ይገኝበታል፤ ፊተኛው ቁጥር የአፉን ስፋት በሚሊሜትር የሚናገር ነው። ለ1200 የተሠራው 28፥ ለ1300ና ለ1500 የተሠራው 30፥ ለ1600 የተሠራው 34 ነው። የጎረቤቴ ሞተር «ዲ» ሲሆን የተሸጠላቸው 34 ነበር። በዚያ ላይ 34 ቁጥሩ የሚስማማው የካርቡራተሩን የአየር ስበት ተከትሎ እሳቱን ከሚያስቀድም ዲስትሪቡተር ጋር ነው፤ በሞተሩ ፍጥነት ብቻ ከሚሠራው ጋር ሲጣመር ሲነሣ ይደናቀፋል።

የላዳም ነገር እንዲሁ ነው። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ስለ ሆነ፥ ካርቡራተሩም በጣሊያኑ ቬበር ፈቃድ በሩሲያ የተሠራ ነበር። በደርግ ዘመን ገብተው፥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ለብዙ ዓመታት ታክሲ የሆኑትን ያገለገለ ሾፌር ሁሉ፥ 2105 የሚል ቁጥር ያለው ለአነስተኛው ሞተር፥ 2107 ያለው ለተለቅ ያለው መሆኑን ያውቃል።

የትልቅነት ፍቅር የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካኖች «ጡንቸኛ» በሚሏቸው አውቶሞቢሎች ዘመን ይኸው ፈተና ደርሶባቸዋል። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ሞተር 6.4 ሊትር ነው። ሞተሩ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፥ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 16,000 ሊትር አየር ይስባል፤ ሲሊንደሩ ፈጽሞ ስለማይሞላ ደግሞ ከ14,000 አይበልጥም። ይህ በእነርሱ መለኪያ በደቂቃ 500 ኪዩቢክ ጫማ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በእንደዚህ ያለው ሞተር ላይ 750 የሚያሳልፍ ካርቡራተር ጭነው፥ በከተማ መንገድ ሲያዘግሙ ሞተሩ የሚንተፋተፍባቸው ዛሬም አሉ። በዚያው ሒሳብ 1200 ቮልስ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የሚፈልገው 2,000 ሊትር ያህል ብቻ ነው።

የቀረው የከፍታው ነገር ነው። አውሮፓዊው ፋብሪካ የናሱን ቀዳዳ የሚመርጠው ለባሕር ወለል አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያ መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው እንደ ጥላሸት መጥቆሩ የዚህ ምልክት ነው። በናሱ ላይ 125 ተብሎ ቢጻፍ ቀዳዳው 1.25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ በሒሳቡ መሠረት ለእኛ ከተማ የሚስማማው ከ117.5 እስከ 120 ያለው ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ብቻ እንኳ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ስላለ፥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባለቤቱ አዘውትሮ የሚውልበት ሠፈር ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ሞተሮች ተተኪ የላቸውም፤ የተጣለ ኦሪጅናል ካርቡራተርም ዋጋው ከፍ እያለ ነው።

ጎረቤቴ ደግነቱ አሮጌውን አልጣሉትም ነበር። ከአልጋ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ 28 ፒክት ነው። ሲፈታ የሚያንጠባጥበው የጽዋው መርፌ ስላለቀና ወረቀቱ ስለ ደረቀ ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። ሁለቱም ተለወጡ፤ የዘንጉም ማለፊያ ስለ ላላ አዲስ ቀለበት ተደረገለት። የናሱ ቁጥር 122.5 ነበረ፤ በ115 ተተካ። ትልቁን ካርቡራተር 1600 ሞተር ያለው ሌላ ባለ ቮልስ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ካንዴላውን ፈትተው ለማየት ሰጡኝ፤ ጫፉ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ሆኗል።