የአንድ ፊልም ድምፅ በልዩ ልዩ ቅጂዎች፦ ከ«ፋንታዚያ» ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃን፣ ቋንቋንና ታሪክን ለማስተማር ከፍተኛ አገልግሎት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ የወጣ ቅጂ ምን ጊዜም ከቀድሞው ይሻላል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅጂ ጥራትና ለመነሻው ያለው ታማኝነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአንድ የታወቀ ፊልም ታሪክ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ድምፅ

የዋልት ዲዝኒ ሥራ የሆነው «ፋንታዚያ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1940 በኒውዮርክ ነበር። አብዛኛው ሙዚቃ በ1939 በሊዮፖልድ ስቶኮውስኪ መሪነት፣ በፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ተጫዋችነት የተቀረጸ ነው። ድምፁ ከሥዕሉ ተለይቶ በሌላ ፊልም ላይ በሦስት መስመር ይሰፍር ነበር፤ አራተኛው መስመር የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ይቆጣጠራል። «ፋንታሳውንድ» የተባለው ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ከጥቂት ከተሞች አላለፈም። በ1942 ፊልሙ በሰፊው ሲሠራጭ ርዝመቱ ተቆርጦ፣ ድምፁም ወደ አንድ መስመር ተጠቃሎ ነበር።

የመነሻው ፊልም እየተበላሸ በመሄዱ ድምፁ በ1955 በስልክ ሽቦ አማካይነት ተላልፎ በማግኔቲክ ፊልም ላይ ተገለበጠ። ዛሬ የሚሰማው የስቶኮውስኪ ቅንብር መነሻ ይኸው ግልባጭ ነው። በመሆኑም በዚያን ጊዜ ሳይገለበጥ የቀረውን ድምፅ ከዚያ ወዲህ የተፈለሰፈ መሣሪያ ሁሉ ሊመልሰው አይችልም።

በ1982 ሌላ መፍትሔ ተሞከረ። ሙዚቃው በሙሉ በኧርዊን ኮስታል መሪነት በዲጂታል ዘዴ እንደ አዲስ ተቀረጸ። ድምፁ ጠራ፤ የስቶኮውስኪ አመራር ግን ከፊልሙ ወጣ። በ1990 ፊልሙ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1955ቱ ግልባጭ ከሽርሽርታና ከኳኳታ ጸድቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ለቤት የወጡት ቅጂዎች

በ1991 ፊልሙ በቪዲዮ ካሴትና በሌዘር ዲስክ ወጣ። የካሴቱ ተራ የድምፅ መስመር በቴፑ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ጠባብ መስመር ሲሆን፣ ቴፑ በአሜሪካ ሥርዓት በሰከንድ 3.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ ቀጫጭን ድምፆች ይደክማሉ፤ ሽርሽርታም ይሰማል። ሃይ ፋይ የሚባለው ማጫወቻ ግን በተሽከርካሪ ራሶች የሚነበብ የተሻለ መስመር ይጠቀማል። ስለዚህ አንዱ ካሴት እንደ ማጫወቻው ሁለት ዓይነት ሊሰማ ይችላል። ሌዘር ዲስክ በበኩሉ ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ ሊይዝ የሚችል ነበር።

በ2000 የወጣው ዲቪዲ ድምፁን በዙሪያ ለተደረደሩ ድምፅ ማጉያዎች አከፋፍሎ አቀረበ፤ ነገር ግን ቦታ ለመቆጠብ ድምፁ ከፊሉን በሚያስቀር ዘዴ ተጨምቋል። የ2010ሩ ብሉ ሬይ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ያቀርባል።

እንግዲህ በጥራት ብቻ ብንመዝን የመጨረሻው ይበልጣል። ሆኖም በ2000 ከ1940ው የገላጩ የዲምስ ቴይለር ንግግር ተቆርጦ የነበረው ክፍል ወደ ፊልሙ ሲመለስ፣ የድምፁ ቅጂ በመበላሸቱ የቴይለር ቃል በሙሉ በኮሪ በርተን ድምፅ ተተካ፤ በ2010ም እንዲሁ ሆነ። የ2010ሩን ዲስክ ከፍቶ «ይህ በ1940 የተሰማው ገላጭ ድምፅ ነው» የሚል መምህር፣ ሳያውቅ ስሕተት ያስተምራል። የቴይለርን ድምፅ የሚፈልግ ወደ ደካማው የ1991 ካሴት መመለስ ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ የድምፅ መሣሪያ ሲገዛ ቅጂው በምን ዕቃ ላይ እንደሰፈረ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው መነሻ እንደተገለበጠ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ በመካከሉ የተተካና የተጨመረ ነገር ካለ ለተማሪው መነገር አለበት። ሦስተኛ፣ አዲስ ቅጂ ስለ ገባ አሮጌው ከቤተ መጻሕፍት መወገድ የለበትም፤ በአዲሱ ውስጥ የሌለውን ድምፅ የያዘው ምናልባት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።